ቋሚ ማሽን፣ አላቂ ፊልትሮ

በማኅበራችን ስብሰባዎች ስለ ምግብ፣ ስለ መኝታ ቤት ውሃና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ መዝጊያ ሰዓት ብዙ ተብሏል፤ ገናም ይባላል። እኛ ግን ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ስለ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት በእንጨት ሥራ ወርክሾፓችን ከአቧራ መሳቢያው ማሽን አናት ላይ ተገጥሞ የሚቆም፣ መካኒኮቻችን ፊልትሮ የሚሉት ነው። «አገር ስንት ጉዳይ እያለባት ስለ ፊልትሮ ይጻፋልን?» የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ይጻፋል። በዚያ ወረቀት ውስጥ ያለፈውን አየር የምንተነፍሰው እኛው ነንና።

ማሽኑ ወደ ወርክሾፓችን የገባ ዕለት ታላቅ ቀን ነበር። ከነሣጥኑ ከመኪና ወረደ፤ ሞዴል 19 ተቆረጠለት፤ የንብረት ቁጥር በቀይ ቀለም ተጻፈበት፤ በቋሚ ዕቃ መዝገብም ሰፈረ። ኃላፊዎች መጥተው አዩት፤ አጠገቡ ቆመው ፎቶግራፍ ተነሡ። ስለ ፊልትሮው የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ከማሽኑ ጋር ተገጥሞ መጥቷልና። ሁለት ዓመት ቆይቶ አንድ ጎኑ ተተረተረ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የወርክሾፑ ባለሙያ የግዥ ጥያቄ ጽፈው አቀረቡ። የመጣላቸው መልስ «ማሽኑ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» የሚል ጥያቄ ነበር። ጋሼ እውነተኛ ሰው ናቸውና «ይሠራል» አሉ። «እንግዲያው ምን ጎደለ?» ተባሉ። ፊልትሮ በመዝገብ ቤት ቋንቋ አላቂ ዕቃ ነው፤ የአላቂ ዕቃ በጀት ደግሞ ለወረቀት፣ ለቀለምና ለሳሙና ተከፋፍሎ እርሱም እንደ ስሙ አልቋል። ስለዚህ ቀዳዳው በፕላስተር ተለጠፈ። ፕላስተሩ ሲለቅ ፊልትሮው ወልቆ የዱቄት ጆንያ ተሰፋና በቦታው ታሰረ። ጆንያው ሦስት ሴሚስተር አገለገለ።

በእነዚያ ሦስት ሴሚስተሮች ማሽኑ ሲነሣ እንደ ወትሮው ይጮኽ ነበር፤ ሰጋቱራውንም ይስብ ነበር፤ ወለሉም ንጹሕ ነበር። እንግዳ ቢመጣ የሚያስነውር ነገር አያይም። ችግሩም ይኸው ነው፤ የሚጎዳው ነገር አይታይም።

ከእንጨት ሥራ የሚወጣው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከፒያላው የሚወጣው ቅራፊና ከመጋዙ የሚወጣው ሰጋቱራ ከባድ ስለ ሆነ ይወድቃል፤ በመጥረጊያም ይነሣል። በብርጭቆ ወረቀት ስንፈገፍግና ኤምዲኤፍ ስንቆርጥ የሚነሣው ደቃቅ ብናኝ ግን ሌላ ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት በአማካይ 70 ማይክሮን ያህል ነው፤ አንድ ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። ከ10 ማይክሮን የሚያንሰውን ብናኝ ዓይናችን ለይቶ አያየውም፤ ቶሎም አይወርድም። እጅግ የደቀቀው ማሽኑ ከጠፋና እኛ ማስካችንን አውልቀን መጨዋወት ከጀመርን በኋላ እንኳ ለሰዓታት ሲንሳፈፍ ይቆያል። ከ4 ማይክሮን የሚያንሰው ደግሞ አፍንጫና ጉሮሮ ሳይዙት እስከ ሳንባ ጫፍ ሊወርድ ይችላል። የዱቄት ጆንያ ሰጋቱራውን ይይዛል፤ ይህንን ግን ያሳልፋል። እንግዲህ ማሽናችን በአንድ ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ብናኝ በትጋት ሰብስቦ፣ በኃይለኛ ነፋስ ለክፍሉ ሁሉ እኩል ሲያከፋፍል ነበር ማለት ነው። በዚህ ዓለም እንዲህ ያለ እኩል ክፍያ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ነገሩ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሃይ ዊኮምብ የምትባለው ከተማ በወንበር ሥራ የታወቀች ናት። እዚያ ትሠራ የነበረች ኤስሜ ሃድፊልድ የተባለች የአንገት በላይ ሐኪም በአፍንጫ ውስጥ ካንሰር ከሚመጡላት ሕሙማን ብዙዎቹ የዕቃ ቤት አናጢዎች መሆናቸውን አስተዋለች። ከባልደረቦቿ ጋር ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1968 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ኤምዲኤፍን የሚያጣብቀው ሙጫ የሚተፋውን ፎርማልዴሃይድን ደግሞ በ2004 እዚያው መደበው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የጠንካራ እንጨት ብናኝ ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ2 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ቁመቱ 10፣ ወርዱ 10፣ ከፍታው 5 ሜትር በሆነ ወርክሾፕ 500 ሜትር ኩብ አየር አለ። ልኩ ሞላ ለመባል በአየሩ ውስጥ አንድ ግራም ብናኝ መንሳፈፍ ይበቃዋል ማለት ነው። አንድ ግራም የእንጨት ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በፕሮጀክት ማስረከቢያ ሳምንት ስንት የሻይ ማንኪያ እንደምናስነሣ እያንዳንዳችን እናስብ።

አንድ ሴሚስተር የሠራ ተማሪ ካንሰር ይይዘዋል ብለን ማንንም አናስፈራራም። ያ በሽታ ከረጅም ዓመታት ሥራ በኋላ የሚመጣ ነው። አስም፣ የዓይንና የቆዳ መቆጣት ግን ያን ያህል አይጠብቁም። ደግሞም ወርክሾፑ ለእኛ የሴሚስተር ጉዳይ ቢሆን ለጋሼ የሃያ ሁለት ዓመት ጉዳይ ነው። ጠዋት ጠዋት በሩን ሲከፍቱ ሲያስሉ እንሰማቸዋለን። ከምን እንደ ሆነ ለመናገር እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ዝም ለማለት ግን ሐኪም አለመሆን ምክንያት አይሆንም።

ከብዙ መመላለስ በኋላ ባለፈው ሴሚስተር ግዥው ተፈቀደ። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፤ እንደ ደንቡም ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው አሸነፈ። ሣጥኑ ላይ በትልቁ «ሄፓ» የሚል ተጽፎበታል። እኛም እጅግ ደስ አለን። ደስታችን የቆየው ግን ሣጥኑ እስኪከፈት ድረስ ነው። ከመካከላችን አንዷ የአሮጌውን ፊልትሮ እጥፋት ቆጥራ 100 አገኘች፤ የአዲሱን ስትቆጥር 62 ሆነ። ቁመቱም የእጥፋቱም ጥልቀት እኩል ነው። እያንዳንዱ እጥፋት 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና 50 ሴንቲ ሜትር ቁመት ሲኖረው፣ ሁለት ገጽ ስላለው፣ 100 እጥፋት 2 ካሬ ሜትር ወረቀት ይሰጣል። 62 እጥፋት ግን 1 ከሩብ ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም። ያው አየር በጠበበ ወረቀት ሲያልፍ በ1.6 እጥፍ ፍጥነት ያልፋል፤ መጨናነቁም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ወረቀቱም ቶሎ ይደፈናል። ዋጋው ግማሽ ነበር፤ ዕድሜው ግን ግማሽ እንኳ አልሆነም። በሦስት ሳምንት ማሽኑ ሰጋቱራውን ከጠረጴዛ ማንሣት አቃተው።

«ሄፓ» የሚለውም ቃል ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ቃሉ ትርጉም የሚኖረው ልኬት ሲከተለው ነው። በአሜሪካ ደንብ ሄፓ ማለት 0.3 ማይክሮን ከሆነው ብናኝ ከመቶ 99.97 የሚይዝ ነው። በአውሮፓው ኢኤን 1822 ደግሞ ኤች 13 የሚባለው 99.95፣ ኤች 14 የሚባለው 99.995 ይይዛል። 0.3 የተመረጠው ትንሹ ስለ ሆነ አይደለም፤ ለመያዝ አስቸጋሪው በዚያ አካባቢ ስለ ሆነ ነው። ትልልቁ ከክሩ ጋር ተጋጭቶ ይቀራል፤ ከዚያ የሚያንሰው ደግሞ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ሲል ከክሩ ይላተማል። መካከለኛው ነው አምልጦ የሚሄደው። ስለዚህ ሣጥኑ ላይ «ሄፓ ዓይነት» ወይም «እንደ ሄፓ» የሚል ብቻ ካየን፣ ደንቡና የደረጃው ቁጥር ካልተጻፈ፣ ያ ጽሕፈት ጌጥ ነው። ለትልቁ አቧራ መሳቢያ ሄፓ የግድ አይደለም። ድርና ማጉ ከሳሳ ባለ 30 ማይክሮን ከረጢት ወጥቶ፣ እስከ 1 ማይክሮን ወይም ከዚያ በታች የሚይዝ፣ ሰፊ ገጽ ያለው የፖሊስተር ፊልትሮ ቢገጠምለት ትልቅ ለውጥ ነው። ፖሊስተር ከወረቀት ቢወደድም ይጸዳል፤ ወረቀት ግን አንዴ ከተደፈነ ብዙ አያገለግልም።

በእጅ ለሚጎተተው ቫኪዩም ሌላ ሚዛን አለ። ኢኤን 60335-2-69 የተባለው ደንብ ማሽኖቹን በሦስት ይከፍላል፤ ኤል ከመቶ አንድ ያህል እንዲያልፍበት፣ ኤም ከሺሕ አንድ፣ ኤች ከመቶ ሺሕ አምስት ብቻ እንዲያልፍበት ይፈቀዳል። ለእንጨት ብናኝ ኤም ይገባል። የኤም ማሽን በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ፍጥነት በሴኮንድ ከ20 ሜትር ሲወርድ ይጮኻል፤ ይህም ፊልትሮው እንደ ተደፈነ ለሰነፍም ለትጉም የሚናገር ጥሩ ደወል ነው። የእኛ ቫኪዩም ኤል ነው፤ ደወልም የለውም። ኤል በሆነ ማሽን ላይ ጥሩ ፊልትሮ ቢገጠምም ክዳኑና ማሰሪያው የሚያፈስ ከሆነ ማሽኑ ኤም አይሆንም። ጓርኒሲዮኑ በአንድ በኩል ከተነሣ አየር የሚሄደው በቀለለው መንገድ ስለ ሆነ በወረቀቱ በኩል መድከምን ትቶ በቀዳዳው ይወጣል። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ፊልትሮውን አውጥቶ ንጹሕ መሆን ያለበትን ወገን በነጭ ጨርቅ መጥረግ ነው። ጨርቁ ላይ እንጨት ከታየ አንድ ቦታ ያፈስሳል።

እዚህ ላይ ማንም ሻጭ የማይነግረን የአገራችን ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯም በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። የማሽኑ ማራገቢያ የሚፈጥረው ግፊት ከአየሩ ክብደት ጋር አብሮ ይወርዳል። ፊልትሮው የሚያሳየው እንቢታ ግን አይወርድም፤ በወረቀቱ ጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥ አየርን የሚያስቸግረው ክብደቱ ሳይሆን ዝልግልግነቱ ነውና። ስለዚህ በውጭ አገር ካታሎግ ላይ «በቂ ነው» የተባለ ማሽን እዚህ ሲመጣ ጉልበቱ ቀንሶ ሸክሙ ሳይቀንስ ይሠራል። በሃምቡርግ በግማሽ የተደፈነ ፊልትሮ ማሽኑን ካደከመው እዚህ ይበልጥ ያደክመዋል። እኛ ከሌላው ሰፋ ያለ ፊልትሮ ልንገዛ ይገባን ነበር፤ የገዛነው ግን የጠበበ ነው።

ነቀፋው ሁሉ በግዥ ክፍል ላይ እንዳይመስል የራሳችንንም ኃጢአት እንናዘዝ። ፊልትሮው ሲደፈን በዱላ የደበደብነው እኛ ነን። ወረቀት ሲደበደብ አቧራው ይረግፋል፤ ነገር ግን በማይታይ ስንጥቅ ይተካል። ከመካከላችን አንዱ ደግሞ ለማኅበሩ ገንዘብ ልቆጥብ ብሎ የቫኪዩሙን የወረቀት ፊልትሮ በሳሙና አጥቦ ሳይደርቅ ገጠመው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው ሆነ፤ በሳምንቱ ሻጋታ ሸተተን፤ ወረቀቱም ከሙጫው ለቀቀ። አምራቹ ይታጠባል ብሎ የጻፈበት ብቻ ይታጠባል፤ እርሱም ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ድረስ አይገጠምም። በኮምፕሬሰር የምንነፋውም ከፍ ባለ ግፊት፣ አፍንጫውን ከወረቀቱ አስጠግተን፣ ደግሞም ወርክሾፑ ውስጥ ነበር። አየሩ መግባት ያለበት ከንጹሑ ወገን ወደ ቆሻሻው ወገን ነው፤ በዝቅተኛ ግፊት፣ ራቅ ብሎ፣ ከቤት ውጭ፣ ማስክ አድርጎ። በዚያው ኮምፕሬሰር ልብሳችንንና ጠጉራችንን እያራገፍን መሳሳቃችንንም ብንተው መልካም ነው።

በየቀኑ ማጽዳትም ትጋት አይደለም። በጨርቅ ፊልትሮ ገጽ ላይ የሚጋገረው ስስ የአቧራ ሽፋን ራሱ ማጥሪያ ይሆናል፤ አዲስ ጨርቅ ከሚያሳልፈው ያነሰ ያሳልፋል። ሽፋኑን ዕለት ዕለት የሚያራግፍ ሰው ፊልትሮውን ያባብሰዋል፤ ፈጽሞ የማያራግፍም ማሽኑን ያንቃል። ታዲያ መቼ ነው የሚራገፈው? ይህን በግምት መመለስ ስላልፈለግን አንድ ዘዴ አበጀን። አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ በ«ዩ» ቅርጽ ከግድግዳው ላይ አሰርን፤ ቀይ ቀለም ያለበት ውሃ ግማሽ ድረስ ሞላንበት፤ አንዱን ጫፍ ከፊልትሮው በታች ባለው የማሽኑ ከበሮ ላይ በበሳነው ትንሽ ቀዳዳ አገባን፤ ሌላውን ለክፍሉ አየር ክፍት ተውነው። ማሽኑ ሲነሣ ውሃው በአንድ በኩል ወርዶ በሌላው ይወጣል፤ ልዩነቱ በሚሊ ሜትር ሲለካ የፊልትሮውን መደፈን ይነግረናል። አዲስ ሳለ 20 ካሳየ 40 ሲደርስ ማራገፍ ነው። ከተራገፈ በኋላም ወደ 20 አካባቢ አልመለስ ካለ መለወጫው ደርሷል። በድንገት ከወረደ ደግሞ ደስ ሊለን አይገባም፤ አንድ ቦታ ተቀዷል ማለት ነው። የሁሉ ወጪ ከሁለት ማኪያቶ ዋጋ አልበለጠም። 62 እጥፋት ያለው ፊልትሮ በገጠምንበት ቀን ያሳየው 32 ነበር፤ በሦስት ሳምንት 50 አለፈ። ለግዥ ክፍል ያቀረብነው ማስረጃም ይኸው ነው፤ ከማመልከቻችን ሁሉ በላይ የተደመጠውም እርሱ ነው።

«ገንዘብ የለም፤ የውጭ ምንዛሪም የለም» የሚለውን መልስ አንንቀውም፤ እውነትነት አለውና። ነገር ግን ምንዛሪ የማይጠይቅ ነገር ደግሞ አለ። ከፊልትሮው በፊት አየሩን እያሽከረከረ ሰጋቱራውን ወደ በርሜል የሚጥል ሳይክሎን ከላሜራ ይሠራል። የብረታ ብረት ወርክሾፑ ከዚህ ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው፤ ስዕሉን የሚያወጡ የሜካኒካል ተማሪዎችም ከእኛው ጋር ይበላሉ። ሳይክሎን ደቃቁን ብናኝ ሁሉ አይዝም፤ ከባዱን ግን ስለሚያስቀር የፊልትሮውን ዕድሜ ያረዝማል። ማሽኑን ከነፊልትሮው ከቤት ውጭ በዳስ ሥር አቁሞ አየሩን እዚያው መልቀቅም በአገራችን አየር ጠባይ ይቻላል፤ እኛ ክፍል ማሞቅ የለብንምና። በእኛ ወርክሾፕ ይህ ያልሆነው ከግድግዳው በስተጀርባ የእኅቶቻችን መኝታ ቤት መስኮት ስላለ ነው። «ማስክ አድርጉ» የሚሉንም አሉ። እናደርጋለን፤ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥመውን፣ ኤፍኤፍፒ 2 ወይም ኤን 95 የተባለውን። ማስክ ግን የለበሰውን ብቻ ነው የሚጠብቅ፤ ጋሼ ቀኑን ሙሉ በማስክ ውስጥ ሆነው ያስተምሩ ማለት ግን ፍርድ አይደለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪ የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት እንዲጠብቅ ያዝዛል። እኛ ተቀጣሪዎች አይደለንም፤ ስለዚህ በአዋጁ ተደግፈን አንከራከርም። የምንጠይቀው ከአንድ የግል እንጨት ቤት የሚጠበቀው ጥንቃቄ መሐንዲስ ከሚያፈራ ቤት እንዳያንስ ነው። ማኅበራችን በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ለአስተዳደሩ እንዲያቀርብ እንፈልጋለን፤ ማንኛውም አቧራ የሚስብ ማሽን ሲገዛ ሁለት መለወጫ ፊልትሮ በዚያው ግዥ ውስጥ አብሮ ይገዛ፤ ያን ጊዜ ከቋሚው ዕቃ ጋር ስለሚመጣ አላቂ ነው ተብሎ አይረሳም። በፕሮፎርማ መጠየቂያው ላይም «ፊልትሮ፣ ብዛት 1» ብቻ ተጽፎ እንዳይወጣ፤ የውስጥና የውጭ ስፋቱ፣ ቁመቱ፣ የገጹ ካሬ ሜትር፣ የሚያጠራበት ልክና ደንቡ፣ የጓርኒሲዮኑም ዓይነት ይጻፍ። ይህ ከተጻፈ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ቢያሸንፍም አንከፋም፤ የሚወዳደሩት አንድ ዓይነት ዕቃ ይዘው ነውና። ዝርዝሩን ለማዘጋጀት እኛ ፈቃደኞች ነን፤ ለዚህ ማሽን ያለውንም ጽፈን ለጋሼ ሰጥተናል።

ባለ 100 እጥፋቱ ፖሊስተር ፊልትሮ ባለፈው ሰኞ ተገጥሟል። የመጀመሪያው ቀን ንባብ 19፣ ትላንት ማታ 21 ነበር። ንባቡ የሚጻፍበት ደብተር ከቱቦው አጠገብ በሚስማር ተሰቅሏል። የሰኞ፣ የማክሰኞ፣ የረቡዕና የዓርብ ተረኞች ስማቸውን ጽፈዋል፤ የሐሙስ መስመር እስካሁን ባዶ ነው።